ስለ ሰባት ቁጥር የጻፍኩት

ሰኞ

አለቀ። ሠላሳ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ፣ አራት ድል። ከአራቱም አንዱ የተጋጣሚያችን አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ በፎርፌ ያገኘነው ነው። ትናንት የመጨረሻውን በሠላሳ አንድ ነጥብ ልዩነት ተሸነፍን። እኔ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ወንበሬ ላይ ነበርኩ፤ ክፍል ሐ፣ ወንበር 14። አጠገቤ የሚቀመጠው ሰውዬ ሦስተኛው ሩብ ላይ ተነሳ። "አንተ ምን ቀረኝ ብለህ ነው?" አለኝ። ኮቱን አቀበልኩት።

ዛሬ በምሳ ሰዓት ዕቅዱን ጀመርኩ። አሥራ ስምንተኛው መሆኑ ነው። በየዓመቱ ውድድሩ ሲያልቅ ቡድኑ እንዴት ፈርሶ እንደገና እንደሚሠራ እጽፍና አዳራሹ መግቢያ ላይ ካለው የሐሳብ መስጫ ሣጥን ውስጥ እጨምረዋለሁ። ስሜን አልጽፍም፤ የወንበር ቁጥሬ ይበቃል። እስከ ዛሬ አንድ ሰው አንብቦት አያውቅም። ደጋፊ ነኝ እንጂ ጅል አይደለሁም፣ አውቀዋለሁ።

የተጫዋቾቹ ሁሉ ውል የሚያልቀው ከዛሬ ስልሳ ቀን በኋላ ነው። ማን ይቆያል፣ ማን ይሄዳል፣ እስከዚያ ይለያል። ከነገ ጀምሮ የቀረውን ቀን አናቱ ላይ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ፣ 59

ልጄ ሻንጣውን ይዞ ከመጣ ዛሬ ሁለት ሳምንቱ። "ቤቴን ቀለም እያስቀባሁ ነው" አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚቀባው ቤተ መንግሥት ነው እንዴ? አልጠየቅኩም። ፎቅ ላይ ያለችው የድሮ ክፍሉ ገባ። ሻንጣውን ተሸክሞ ያወጣለት ጓደኛው ነው፣ ረጅሙ፣ የቡድናችን አሥራ ሁለት ቁጥር። ከልጅነታቸው ጀምሮ አይለያዩም፤ በራችን ላይ ግንባሩን ያልተመታበት ዓመት የለም።

ልጄ ሰባት ቁጥር ነው። ኳስ አደራጃችን፣ ሠላሳ አንድ ዓመቱ። መለያው ጀርባ ላይ የሚጻፈው የአባት ስም ነውና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በትልቁ ተጽፎ የሚሮጠው የኔ ስም ነው። አዳራሹ ስሜን ሲዘፍን ሰምቻለሁ። ዘንድሮ ደግሞ ሲሰድብ ሰማሁ፣ ምን ይደረግ።

ሐሙስ፣ 57

ጠዋት ጫማዬን እያሠርኩ ቀና ስል አየሁት። ደረጃውን ወደ ኋላ ነው የሚወርደው። ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ፣ በሁለት እጁ ብረቱን ይዞ፣ መጀመሪያ ደህናውን እግር፣ ከዚያ ግራውን እየጎተተ። ሕፃን ልጅ ከአልጋ እንደሚወርደው። አሥራ ሦስት ደረጃ። እንዳላየ ሆኜ ጫማዬን ፈትቼ እንደገና አሠርኩ።

እናቱ ኩሽና ድረስ ጎተተችኝ።

"አየህ አይደል?"

"አየሁ።"

"ማታ ማታ የማሸው እኔ ነኝ። ጉልበቱ አብጦ ዱባ አክሏል። ክለቡ ከሰማ አለቀለት፣ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ።"

"ለማን እናገራለሁ?"

"አንተን አላውቅህም? እውነት ከያዝክ ሆድህ ውስጥ አያድርም። ማል።"

"እሱን ይንሳኝ!" ብዬ ማልኩ። ለአንድ ጉልበት እንዲህ መማል ነበረብኝ? ሥራ ረፈደብኝ።

ቅዳሜ፣ 55

ፀጉር አስተካካዩ ጋ። ቅዳሜ ቅዳሜ የደጋፊው ሸንጎ እዚያ ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፣ ሁሉም ምሳሩን ይዞ መጥቷል። አሰልጣኙን ፈለጡት፣ ዳኛውን ፈለጡት። ፊቱ በአረፋ የተሸፈነ አንድ ሰው፣ "ሰባት ቁጥር እኮ ጠግቧል" አለ። "መሮጥ ተጠይፏል። ስም ያወጣ ሰው እንዲህ ነው።" አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ እኔን አይቶ አሳለ። ሰውዬው አልገባውም። "ሰነፍ ነው ባካችሁ!" ብሎ ቀጠለ።

አልጠገበም፣ ያመዋል፣ ልል አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔ ግን ሲነቅዝ ይሰማኛል።

ሰኞ፣ 53

ፋብሪካ ሁለተኛው ምድጃ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ እያለ ዋለ። አርባ ስድስት መታጠቢያ ጣልኩ። ክንዴ ዝሏል። ስለ ዕቅዱ አላሰብኩም።

አሰብኩ።

ረቡዕ፣ 51

ይኼን ደብተር አንድ ቀን የሚያነበው ካለ ሥራዬን ይወቅ። ሴራሚክ ፋብሪካ ነኝ። ከምድጃ የሚወጣውን የእጅ መታጠቢያ ሁሉ በትንሽ የእንጨት መዶሻ መታ መታ አድርጌ እሰማለሁ። ደህናው ይጮኻል። የተሰነጠቀው ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም ድምፁ ይታፈናል። ያን ጊዜ በቀይ እርሳስ ክብ እሠራና ክቡን በአንድ መስመር እሰርዘዋለሁ፤ ይጣል ማለት ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ስንጥቅ አላሳለፍኩም። ስሜን የሚጠራኝ የለም፣ "ጆሮው" ነው የሚሉኝ። ልጄ ትንሽ ሳለ የፈተና ወረቀቱ ላይ የተሳሳተውን በዚያው ምልክት እሰርዝለት ነበር። "አባዬ እንደ መታጠቢያ ጣለኝ" እያለ ለእናቱ ይከሰኝ ነበር። እንስቅ ነበር።

እሑድ፣ 47

ቁርስ ላይ ልጄ ጀመረኝ።

"አባዬ፣ ዕቅዱ የት ደረሰ?"

"እየሄደ ነው።"

"እኔንስ ምን አደረግከኝ?"

"ያላለቀ ዕቅድ አይነበብም።"

"ሁለት ዓመት ብቻ ስጠኝ እንጂ" አለ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ለእናቱ ይሁን ለኔ ሳያስታውቅ፣ "ሁለት ዓመት ካገኘሁ የታዳጊዎቹን ቡድን ይሰጡኛል። ለሚቆይ ተጫዋች ነው የሚሰጡት። አሁን ከወጣሁ ግን ከኳስ ሌላ ምን አውቃለሁ?"

እናቱ ሻይ ጨመረችለት። እኔም "ትቆያለህ" አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ድምፁ ታፍኖ ነበር፣ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ 41

ዕቅዱ አለቀ። አሥራ አንድ ገጽ። አሰልጣኙ ይሂድ። ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወቱት ሁለቱ ይሂዱ፣ ረጅሙ ግን ይቆይ፤ ኳስ ከሰሌዳው ሲመለስ እንደሱ የሚይዝ የለም። ከታዳጊዎቹ ሦስት ልጆች ይደጉ። ዓመቱን ለመሸነፍ ተዘጋጅተን እንግባ፣ በሦስተኛው ዓመት ሰው እንሆናለን። ጥሩ ዕቅድ ነው፣ ካለፉት አሥራ ሰባት ይበልጣል።

አሥረኛው ገጽ ነው ያስቸገረኝ። ሰባት ቁጥርን ዘልዬ ወደ ስምንት ሄድኩ። ተመልሼ አነበብኩት፤ ሌላው ሁሉ እውነት ሆኖ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ባዶ። ስንጥቁን እያወቁ ማሳለፍ ማለት ይኼ ነው። እና ጻፍኩ፦

"ሰባት ቁጥር ሰነፈ የሚሉ አያውቁም። ሰነፍ አይደለም። የግራ ጉልበቱ አልቋል። ጠዋት ጠዋት ደረጃ የሚወርደው ወደ ኋላ ነው። በሳምንት ሁለት ጨዋታ አይችልም፣ አንዱንም በግድ ነው። ሁለት ዓመት ከተጫወተ በዱላ ይሄዳል። ውሉ መታደስ የለበትም።"

ጠርዙ ላይ፣ እጄ ለምዶ፣ ያንን ምልክት አደረግኩ። በቀይ እርሳስ።

ማን ያነበዋል? የሣጥኑ ቁልፍ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። እዚያ መጨመር ጉድጓድ ውስጥ መናገር ማለት ነው። መሐላዬንም አላፈረስኩም፣ ለሰው አልተናገርኩማ።

እሑድ፣ 40

ጨመርኩት። የአዳራሹ ጥበቃ ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ ዘንድሮም? እኔ ሳልቀጠር ነው እኮ ቁልፉ የጠፋው!" እኔም ሳቅኩ። ወረቀቱ ሲወድቅ ድምፁ ለስለስ አለ፣ ያለፉት ዓመታት ወረቀቶች ላይ ነው የወደቀው። ስመለስ በእግሬ መጣሁ። ከብዙ ቀን በኋላ ደህና ምሳ በላሁ። ልጄን "ና ካርታ እንጫወት" አልኩት፣ ሁለቴ አሸነፈኝ።

ቅዳሜ፣ 34

ጉዴ ፈላ።

አስተካካዩ ጋ ገና ሳልቀመጥ፣ "አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣች አሉ፣ ሴት ናት፣ እሳት የላሰች" አለኝ። "የመጀመሪያ ቀን ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? የሐሳብ መስጫውን ሣጥን አሰበረችው! ስንት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ወረቀት በማዳበሪያ ተሸክማ ገባች።"

ፀጉሬን ሳልቆረጥ ወጣሁ። አዳራሹ ጋ ስደርስ ሣጥኑ የለም። ግድግዳው ላይ አራት የብሎን ቀዳዳና ፀሐይ ያልነካው አራት ማዕዘን ቀለም ቀርቷል። ከጎኑ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ "የክፍል ሐ፣ ወንበር 14 ደጋፊያችን፣ እባክዎ ቢሮ ቁጥር 3 ብቅ ይበሉ።"

ደነገጥኩ። ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። "ደጋፊያችን" ይላል።

ስሜን አያውቁም። ባልሄድ ማንም አይፈልገኝም። አልሄድም።

ማክሰኞ፣ 31

ሄድኩ።

የሄድኩት ወረቀቱን ለማስመለስ ነው፣ ይጻፍልኝ። ሸሚዜን የተኮስኩት ቢሮ ስለሆነ ነው።

አሥራ ስምንቱንም ጠረጴዛዋ ላይ በዓመት በዓመቱ ደርድራቸዋለች። የመጀመሪያዎቹ ቢጫ ሆነዋል። አስምራባቸዋለች! "አባት" አለችኝ፣ ልጄን ታክላለች፣ "በስድስተኛው ዓመት የጻፉትን ሰምተውዎት ቢሆን ኖሮ ይኼ ክለብ እዚህ አይደርስም ነበር።" ውሃ ሰጠችኝ።

ስሜን ጠየቀችኝ። "ጆሮው ይሉኛል" አልኳት። ሳቀችና ተወችው።

ከዚያ የዘንድሮውን ገለጠች፣ አሥረኛው ገጽ ላይ ጣቷን አሳረፈች። "የደረጃው ነገር። ከሰው የሰሙት ነው ወይስ ያዩት? ልጁ ለሐኪማችን ደህና ነኝ ብሎ ፈርሟል። ወሬ ነው ካሉኝ አሁኑኑ ቀድጄ እጥለዋለሁ። በወሬ የሰው ኑሮ አላበላሽም።"

ወሬ ነው። ሁለት ቃል። ከበሩ ውጭ ሰው ጽሕፈት ቤቱን ሲጠርግ ይሰማል። እሷ ትጠብቃለች። አሥራ ስምንት ዓመት የሚያነበኝ ስፈልግ፣ የመጀመሪያዋ አንባቢዬ ፊት ዋሾ ልሁን?

"ያላየሁትን አልጽፍም" አልኳት።

እስከ በሩ ሸኘችኝ።

ዓርብ፣ 28

ክለቡ ልጄን ለጉልበት ምርመራ ጠራው። እሱን ብቻ። ሳሎን መሐል ደብዳቤውን ይዞ ቆሟል።

"ማን ነገራቸው? ከእናንተ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው። ረጅሙ!"

"ረጅሙማ አያደርገውም" አለች እናቱ።

"ታዲያ ማን? ግድግዳው?"

ወደ እኔ አልዞረም። ልጠረጠር እንደምችል እንኳ አላሰበም። ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ብርድ ግን አልነበረም።

እሑድ፣ 26

በስልክ ጮኸበት። ፎቅ ላይ ሆኖ እታች ይሰማል። "ወንድሜ ነህ ብዬ! ቦታዬን ለራስህ ሰው ፈልገኸው ነው? ሁለተኛ ስሜን እንዳትጠራ!" ስልኩ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ።

እናቱ መጥታ ፊቴ ቆመች። "አንተ ነህ?"

"ምን በወጣኝ!"

አየችኝ፣ አየችኝና ወደ ላይ ወጣች፣ ጉልበቱን ልታሽለት። ከደረጃው ላይ ሆና፣ "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አለች፣ ለማን እንደሆነ ሳትናገር።

እኔ በአፌ ምንም አልተናገርኩም። እጄን በቆረጠው ኖሮ።

ሐሙስ፣ 22

ረጅሙ መጣ። እንደ ልማዱ ጎንበስ አላለም፣ ግንባሩን በሩ መታው፣ አላሸውም። "ጋሼ፣ ስልኬን አያነሳም። እኔ ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ትሙት። እርስዎን ይሰማዎታል፣ ይንገሩልኝ።"

"እነግረዋለሁ" አልኩት።

"እርስዎ ያምኑኛል አይደል?"

"አምንሃለሁ።" ይኼኛው እንኳ እውነት ነበር።

ነገ እነግረዋለሁ።

ዓርብ፣ 21

አልነገርኩትም። ደክሞት ነበር።

ሰኞ፣ 18

አልነገርኩትም።

ረቡዕ፣ 16

ፋብሪካ ውስጥ ጉድ ሆነ። ኃላፊው አንድ መታጠቢያ ተሸክሞ መጣ። ደንበኛ መልሶት ነው፣ ውሃ ያፈስሳል። የማለፊያው ማኅተም የኔ ነው። ሁሉም ሥራ አቁሞ አየኝ። "ጆሮው ደነቆረ እንዴ?" አለ አንዱ፣ ሳቁ። በመዶሻዬ መታሁት። ታፍኗል፣ ማንም ይሰማዋል። እንዴት አለፈኝ? ያን ቀን ስመታው ሌላ ነገር እየሰማሁ ነበር።

ልንገረው ቢባል እንዴት ተብሎ ይጀመራል? "ልጄ፣ ረጅሙ ንጹሕ ነው።" "አንተ በምን አወቅክ?" እዚያ ላይ ስደርስ እቆማለሁ። በየቀኑ እዚያው ላይ እቆማለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።

ማክሰኞ፣ 10

ውጤቱ መጣ። ውሉ አይታደስም። ሦስት መስመር ደብዳቤ ነው፣ መጨረሻው ላይ "ስለ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎትዎ" ይላል። ልጄ አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ "በቃ" አለ። ከዚያ እናቱን "አታልቅሺ እንግዲህ፣ እግሬ እንጂ እኔ አልሞትኩ" አላት። ደረጃውን ሲወጣ እያንዳንዱን ቆጠርኩለት።

ማትረፌ ነው እኮ። በዱላ እንዳይሄድ ነው። አባት ያልተናገረ ማን ይናገር? ይኼን ስጽፍ አምኜው ነበር። መልሼ ሳነበው ታፍኗል።

ከእንግዲህ ቀን አልቆጥርም።

ቅዳሜ

አስተካካዩ ጋ ሄድኩ፣ ፀጉሬ ጆሮዬን ሸፍኗል። ክለቡ ዕቅዱን አባዝቶ ለጥፎታል፤ "በአንድ ታማኝ ደጋፊ የቀረበ" ይላል። አስተካካዩ መቀሱን አስቀምጦ ጮክ ብሎ ያነብባል፣ ሰው ያጨበጭባል። "ይኼ ሰው አሰልጣኝ መሆን ነበረበት!" ይላሉ። አሥራ ስምንት ዓመት በሕልሜ የሰማሁት ጭብጨባ ነው። አንገቴ ላይ ያለው ጨርቅ አነቀኝ።

አሥረኛው ገጽ የለበትም። የሰው ሕመም ስለሆነ አውጥታዋለች። አስተካካዩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "አየህ፣ ስለ ልጅህ አንድ ክፉ ቃል አልጻፈም። ጨዋ ነው፣ ማንም ይሁን" አለኝ።

ሰኞ

ልጄ ዕቃውን ከአዳራሹ ሊያወጣ ጠዋት ሄደ። ሲመለስ አመሻሽ ላይ ነው። እናቱ "ብላ" አለችው፣ "ጠግቤያለሁ" አለ። ሳሎን ገብቶ ከፊቴ ቁጭ አለ። መለያው ጉልበቱ ላይ ነው፣ ስሜ ወደ ላይ ዞሮ።

"ሥራ አስኪያጇን ማን እንደነገራቸው ጠየቅኳት" አለ ረጋ ብሎ። "በሰው ሳላጣራ መፍረድ አልፈልግም፣ ጓደኛዬን ሰድቤያለሁ አልኳት። አዘነችልኝ። 'ጓደኛህ አይደለም' ብላ ወረቀቱን አሳየችኝ። የወንበሩን ቁጥር በእጇ ሸፈነችው፣ ሰውየውን እንዳልጠላው።"

ስሜን መለያው ላይ አነበብኩት።

"ብትሸፍነውም አወቅኩት" አለ። ጣቱን አንስቶ መለያው ላይ ክብ ሠራ፣ ከዚያ በአንድ መስመር ሰረዘው።

እናቱ በሩ ላይ ቆማለች። በእሱ ነበር የማልከው አላለችም። ብትለኝ ይሻል ነበር።

ማክሰኞ

ከነጋ ጀምሮ እታች ወንበሬ ላይ ነኝ። ሻንጣውን ሲዘጋ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። ውጭ የረጅሙ መኪና ቆሟል፤ ትናንትና ልጄ ደውሎለት ይቅርታ ጠይቆታል፣ እናቱ ነገረችኝ።

ደረጃው ጫፍ ላይ መጣ። እንደ ሌላው ጊዜ የሚዞር መስሎኝ ዓይኔን ወደ ጫማዬ መለስኩ። አልዞረም። ብረቱንም አልያዘም። ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ መውረድ ጀመረ። ግራ እግሩ ላይ ሲያርፍ ከንፈሩ ይነጣል፣ ዓይኑን ግን ከኔ ላይ አያነሳም። እናቱ "ያዝ! ብረቱን ያዝ ልጄ!" እያለች ከታች እጇን ዘረጋች። "ተዪኝ እማዬ" አላት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ተነስቼ ልደግፈው አሰብኩ። አልተነሳሁም። ስድስተኛው ላይ ቆመና አየር ሳበ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ ሦስቱንም።

አጠገቤ ሲደርስ መለያውን ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

"ይኼንንም ጻፈው፣ አባዬ" አለኝ።

ረጅሙ ገብቶ ሻንጣውን ተሸከመለት፣ ጎንበስ ብሎ ወጣ። እኔን አላየኝም።

ጻፍኩት።